ባለቤት ያለው ዜማ

«ዜማው ባለቤት አለው።»

አክስቴ ስለ ዘፈኔ ይህችን ወሬ ስፌት ቤቱን ሁሉ ታዞራት ነበር። ጠዋት ለቁልፍ ሰፊዎቹ፣ ከሰዓት ለክር ቆራጮቹ፣ መውጫ ላይ ለዘበኛው። ዘበኛው ጆሮው አይሰማም፤ እሱንም አልማረችውም።

«የማን ነው?» ሲሏት ከንፈሯን መጥጣ ወደ ማሽኗ ትዞራለች። ስም የማይጠራ ሐሜተኛ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሁሉም የመሰለውን ይሞላለታል። አንዱ ከሞተው ጎረቤታችን ሰረቀችው አለ፣ ሌላዋ ከሬዲዮ።

እኔ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ዘፈን መሥራት የለመድኩት እዚያው ስፌት ቤት፣ ካውያ እየገፋሁ፣ በማሽኖቹ ምት ላይ ቃል እየሰካሁ ነው። ያንን ዜማ ግን እናቴ ልብስ ስታጥብ ስታንጎራጉረው ነው የሰማሁት። ባለቤት የሌለው የሰፈር ዜማ መስሎኝ ቃል አለበስኩት፦

መርፌዬ ሲሰበር ጣቴን ትወቅሳለህ፣
የሰፋሁትን ልብስ ለብሰህ ትኮራለህ።

ሴቶቹን የሰበሰብኳቸው በዚህ ዘፈን ነው። ለዓመታት ጎን ለጎን ሰፍተው ሰላምታ የማይለዋወጡ ሴቶች! እሁድ እሁድ በምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ስንዘፍን፣ የማን ልጅ እንደታመመ፣ አለቃው ማንን እንደሰደበ መነጋገር ጀመርን። አንዷ ስትወልድ ሌሎቹ ሥራዋን ተከፋፈሉላት። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ትሕትና ለሚያምርባቸው ይሁን።

ከዚያ የሕንፃው ኮሚቴ ምድር ቤቱን ለመጋዘን ላከራይ አለ። «ነዋሪው ፊት ዝፈኑ፤ ዘፈኑን ከወደደው ቤቱ የእናንተ ነው» አለን ሰብሳቢው። ነዋሪው ወንበሩን ይዞ ወረደ። እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ገና አፋችንን ስንከፍት አክስቴ ከኋላ ተነሳች።

«ሰብሳቢ፣ ዜማው የሷ አይደለም። ባለቤት አለው።»

«ማን ነው፣ እሜቴ?»

አክስቴ ሻርፗን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

«ተናገሪ እንጂ፣ እትዬ!» አልኳት። «እንደ ማስቲካ ስታኝኪው ከረምሽ፤ ዛሬ ትፊው!»

«መጠየቅ የነበረብሽ ሳትዘፍኚው ነው።»

«ይኸው ጠየቅኩሽ።»

«ሰው ፊት አይደለም።»

«ታዲያ የት ልጠይቅሽ? ሽንት ቤት?»

ምድር ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ጣመኝና ጨመርኩ፤ «አንቺ ስለ ዜማ ምን ታውቂያለሽ? ዕድሜሽን ሙሉ ቁልፍ ስትተክዪ ኖረሽ አፍሽን መቆለፍ ያቃተሽ!»

እናቴ ጫማዋን አየች።

«ጎሽ! አደግሽልኝ» አለች አክስቴ። ሻርፗን አንስታ ወጣች። ቁልፍ ሰፊዎቹን ሥራ ያስተማረቻቸው እሷ ናት፤ ተያይተው ተከተሏት። ወፍራሞቹ ድምፆች አብረዋቸው ሄዱ። የቀረነው ጥቂቶች እንደ ተራበ ድመት አላዘንን። ሰብሳቢው ጨዋታችን ሳያልቅ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ያንቃጭል ጀመር።

በሳምንቱ ምድር ቤቱ በሲሚንቶ ጆንያ ተሞላ። ሴቶቹም ወደ ቀድሞ ጸባያቸው ተመለሱ፤ ጎን ለጎን ይሰፋሉ፣ አይተያዩም። አዲስ ዘፈን ይዤ በየበራቸው ዞርኩ። «ይሄስ የማን ነው?» ብለው ሸኙኝ።

አክስቴ ሥራዋን ትታ ልጇ ዘንድ፣ ሌላ ከተማ ሄደች። እዚያው ሞተች። ለቀብር እናቴ ብቻ ሄደች።

ስትመለስ ሻንጣዋን እየተቀበልኳት፣ «መቼም ወሬዋም አብሯት ተቀብሯል» አልኩ።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ልጆች ሆነን አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ዘፈን የሚጠላው አባታችን እንዳይሰማ አፏን ትራስ ውስጥ ቀብራ ትዘፍንልኝ ነበር። ባሏም ከአባታችን አልተሻለም። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።»

«ምኑን?»

«ዜማውን ያወጣችው እሷ ናት።»