ለቦይ የተጠመቀ ቢራ

ለተከበራችሁ የመንደራችን ነዋሪዎች፣ ለወዳጆችም ለጠላቶችም በሙሉ! የቢራችን ቆርኪ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ የተለወጠ መሆኑን ስናበስር ታላቅ ኩራት ይሰማናል። ሕዝቡም ይህን ታሪካዊ ሽግግር በሰከነ መንፈስ እንዲቀበል እናሳስባለን።

ይህን በጠመቃ ቤቱ በር ላይ የለጠፈው የጠማቂው ታናሽ ወንድም ነው። ንግድ ስለተማረ ከመሥራት ይልቅ ማወጅ ይቀናዋል፤ ሰፈሩም «አዋጁ» ይለዋል። ጠማቂው ወረቀቱን አነበበና «ቢጫው አለቀብን አትልም?» ብሎ ወደ በርሜሎቹ ገባ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያስቅ ነበር።

ቤቱ ድሮ ጎማ መጠገኛ ስለነበር ግድግዳው ቀለም ተደራርቦበትም ፀሐይ ሲያገኘው ጎማ ጎማ ይሸታል። ጠማቂው ብቅሉን ሲያገላብጥ፣ እርሾውን እንደ አራስ ልጅ ሲሸፋፍን ይውላል። የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው ግን ሚስቱ ነበረች። ገና በወጥ ቤታቸው ድስት የጠመቀውን የመጀመሪያ ቢራ አንድ ጊዜ ተጎንጭታ «ይኼማ እግር የታጠቡበት ነው» ብላ ደፋችው። ቀጣዩንም ደፋች። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዝም ብላ ጨርሳ ባዶውን ብርጭቆ ስትመልስለት፣ ሰውየው በሠርጉ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተደሰተም።

የቤቱ ሕግ በዚያው ጸና። ቢራው ሲደርስ እሷ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ብርጭቆ ይቀርብላታል። ወይ «ይሂድ» ትላለች፣ ወይ «ይፍሰስ» ትልና ራሷ ተነስታ የበርሜሉን ቧንቧ ወደ ቦዩ ትከፍታለች። ይግባኝ የለም። አንዴ የሠርግ ቢራ በዋዜማው ብታፈስ ሙሽራው እየፎከረ መጣ። «ልጄ፣ ትዳርህን በኮምጣጤ ከምትጀምረው በውኃ ጀምረው» ብላ ሸኘችው። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ሚዛን» ሆነ። መጠጥ ቤቶች ተሰለፉ፤ ከሩቅ ከተማ መኪና መጣ፤ የጎረቤቱም መጋዘን በኪራይ ተጨመረ። ሰው የሚኮራው ቢራውን በመጠጣቱ ብቻ አልነበረም፤ በሚዛን ምላስ ያለፈ ነገር በመጠጣቱም ነው።

ኋላ ሚዛን ታመመች። ጉሮሮዋ ላይ እብጠት ተገኘ። ሕክምናው እብጠቱን ሲያጠፋ ፀጉሯንም ሥጋዋንም አብሮ ወሰደ። በሕመሟ ወራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትተኛው፤ ጠማቂው ያንን ጀርባ እስኪሰለቸው አይቶታል። ስለዚህ አንድ ቀን ድንገት ተነስታ «በርጩማዬን ማን ወሰደው?» ስትል እንባውን በሽርጡ ጠረገ።

ብዙም ሳይቆይ ወጥ ቤት ሲገባ ወተት ስትጠጣ አገኛት። ወተቱ ተበላሽቷል፤ ሽታው በሩ ድረስ ይቀበላል። እሷ ጭልጥ አድርጋ አፏን ጠረገች።

«ምነው ፈዘዝክ?»

«ምንም።»

«ጥሩ ወተት ነው» አለች፣ ሳይጠይቃት።

ያኔ ገባው። ምላሷ ሄዷል፤ ጣዕም አይለይም። እሷም ታውቃለች። እሱ ማወቁን ግን አታውቅም።

ዘዴ ዘየደ። ቢራውን አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል፤ የተበላሸውን በስውር ይደፋል፤ ለሷ አንጀት የሚያርሰውን ብቻ ያቀርባል። «ይሂድ» ትላለች፣ ይሄዳል። በብልጠቱ ኮራ። ያላሰበው ነገር ቢኖር የማይቀምስ ቀማሽ ፈሪ መሆኑን ነው። መጥፎ ቢራ በስሟ እንዳይወጣ ትሰጋና ብርጭቆውን ከንፈሯ ላይ አድርጋ የሱን ፊት ታያለች። እሱ ፊቱ እንዳያሳብቅበት ድንጋይ ያደርገዋል። ድንጋዩን ስታይ ትጨነቃለች። «ይፍሰስ!» አንድ ቀን ፈገግ ቢልላት «ምን ያስገለፍጥሃል? ልትመራኝ ነው?» ብላ ስላፈጠጠችበት ሁለተኛ አልሞከረውም።

ቢራው ፈሰሰ። የቦዩ ዳር ሣር ለመለመ፤ የሰፈሩ ዳክዬዎች እየተንገዳገዱ ዘፈን ጀመሩ። መጠጥ ቤቶቹ «ነገ ይደርሳል» የሚለው ሲሰለቻቸው ወደ ፋብሪካ ቢራ ዞሩ።

አዋጁ አንድ ቀን ከቧንቧው ሥር ኩባያ ደቅኖ ቀመሰ።

«ጋሼ! ይኼ እኮ ማር ነው! ማር ቦይ ውስጥ ይደፋል? እትዬ ተሳስታለች፤ ሰው አይደለች? ብርጭቆውን ለኔ ስጠኝ።»

«አይሆንም።»

«ለዳክዬ ነው እንዴ የምንጠምቀው?»

«እሷ ይፍሰስ ካለች ይፈሳል።»

ብርጭቆው ከእጇ ቢወጣ ወዴት እንደምትመለስ ጠማቂው ያውቃል፤ ወደዚያ የሕመሟ ግድግዳ ነው። ቤቱ ቢዘጋ ግን በመጥፎ ዕድል ይሳበባል፤ በማንም ላይ ይደርሳል።

ተዘጋም። ሰፈሩ ፍርዱን ሰጠ። «ሚዛንማ ምን ታድርግ፣ የባሏ እጅ ጠፍቶ ነው እንጂ!» ጠማቂው ይህን ሲሰማ ፈጣሪውን አመሰገነ። ሚዛንም ሰማች፤ ከጊዜም በኋላ አመነችው። አንድ ጠዋት እጁን ይዛ «አይዞህ። እጅም እንደ ሰው ይደክማል» አለችው። እሱም «ደከመኝ» አላት።

በርሜሎቹ በጭነት መኪና በሚወጡበት ቀን ሚዛን ከግቢው ማዶ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ባዶ የብቅል ጆንያዎችን ታጥፋለች። አዋጁ ወንድሙን ክንዱን ይዞ ወደ መኪናው ጀርባ ሳበው።

«ጋሼ፣ ሰው የሚለውን ተወው። ከሷ በፊት ስትቀምስ አይቼሃለሁ። ጥሩ መሆኑን እያወቅክ ነው ያስፈሰስከው። ለምን?»

ጠማቂው በርሜሉ የታሰረበትን ገመድ ጠበቅ አደረገ።

«አልነግርህም።»

«ወንድምህ ነኝ እኮ!»

«ነህ። አልነግርህም።»