የኅዳር ጽዮን እልበት

ቡሬ ውስጥ እልበት መምታት የሚችል ሴት ሞልቷል። የወይዘሮ እታለም እልበት ግን ሌላ ነበር። የባቄላ ዱቄቱን ከምስርና ከአብሽ ጋር ቀላቅለው እንደ ገንፎ ያበስሉታል፤ ሲበርድ ደግሞ ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ የሱፍ ጭማቂ እያጠጡ፣ እስኪነጣና ኩፍ እስኪል በእጃቸው ይመቱታል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጤና አዳሙ፣ ሰናፍጩ ይገባል። የጾም ምግብ እንዲህም ያምራል ወይ ያላለ የማኅበር ሰው አልነበረም። ሲያመሰግኗቸው «ባቄላው ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ» ይላሉ፤ ባቄላው አለመሆኑን ግን ልባቸው ያውቃል።

ትከሻቸው ከያዛቸው ወዲህ ያ ሁሉ ቀረ። ቀኝ እጃቸው መቁጠሪያ ከመቁጠር አልፎ በጭልፋ ማማሰል እንኳ ያቅተው ጀመር። ይህም ሳያንስ በሚሌኒየሙ ዓመት፣ አገሩ በባነርና በመብራት አጊጦ በከረመበት ጊዜ፣ የማርያም ማኅበር ጽዋ ዞሮ ዞሮ በኅዳር ጽዮን እሳቸው ላይ ደረሰ። ኅዳር ጽዮን መቼም ከነቢያት ጾም አያመልጥም። ዶሮ የለ፣ ቅቤ የለ፤ የቤት ክብር የሚጠበቀው በጥራጥሬ ነው።

እቤት ውስጥ ያለ ጤነኛ ክንድ የምራታቸው የያምሮት ብቻ ነው። ልጃቸው አንዷለም የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆኖ ፈረስ ቤት ሲመደብ ሚስቱን እናቱ ዘንድ ትቷት ሄደ፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ፣ ልጅም ወልዳለች፣ ልጁ ዳዴ ማለት ጀምሯል። ያምሮት ከማግባቷ በፊት ፍኖተ ሰላም አንድ ሆቴል ማድ ቤት ትሠራ ነበር። ይህቺ ናት እንግዲህ ወይዘሮ እታለም ሊውጧት ያልቻሉት ነገር። የሆቴል ልጅ! ሰው በገንዘቡ የሚበላበት ቤት ያደገች እጅ ምን ባርኮት ይኖራታል? ስሟን ጠርተው አያውቁም፤ «ልጅቱ» ናት። ስንት ልጅ አለዎት ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ «ሦስት» ይላሉ። ባልንጀሮቻቸው የልጃቸውን ሚስት ልጄ ብለው ሲቆጥሩ እየሰሙ፣ እሳቸው ሦስት ላይ ይቆማሉ።

ያምሮት ለጽዋው አንድ ሐሳብ አመጣች። ሆቴል ሳለች የወረዳ ስብሰባ ሲመጣ ንግግሩ ይረዝማል፣ ወጡ ይዘገያል፣ እንግዳ ደግሞ እጁ ሥራ ሲፈታ ምላሱ ሥራ ይይዛል። ስለዚህ ማቆያ ያዘጋጁ ነበር። ድፎው በስሱ ይቆረጣል፣ ቂጣው በትንንሹ ይከፈላል፣ ድንቹ ተቀቅሎ ይከተፋል። አንዱ ላይ እልበት ይቀባል፣ አንዱ ላይ በሰናፍጭ የታሸ የምስር አዚፋ፣ አንዱ ላይ ድልህ። ሁሉም ቀዝቅዞ የሚበላ ነው፤ ቀድሞ ይሰናዳል፣ እንግዳ ሲገባ ማቅረብ ብቻ ነው።

ወይዘሮ እታለም እንግዳ ሊጠግብ ይመጣል እንጂ ሊቆይ ይመጣል ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ትከሻቸውን አሰቡና «እንደፈቀድሽ» አሉ። «እንደፈቀድሽ» በጎጃም አማት አፍ ፈቃድ አይደለም፤ ሲበላሽ አይሻለሁ ማለት ነው።

በዓሉ ቅዳሜ ዋለ። ወይዘሮ እታለም ለቅዳሴ ሲወጡ ያምሮት የባቄላውን ዱቄት በነጠላ ጨርቅ ደግማ ስትነፋ ነበር። አጠገቧ የሕፃኑ ወተት በጣሳ ሙሉ ተቀምጧል። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲሳለም እሳቸው እንግዶቹን ቀድመው ተመለሱና የማድ ቤቱን በር ገፋ አድርገው ገቡ።

ገብተውም ቆሙ። ሰፊው ሳህን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ከአፉም አልፎ ከፍ ብሏል። የሳህኑን ጠርዝ በጣታቸው ነካ ቢያደርጉት ነጩ ነገር ቀስ ብሎ ተንቀጠቀጠ፤ እንደገና ጸጥ አለ። የእሳቸው እልበት ነጣ ሲባል ውስጡ ትንሽ አረንጓዴነት አይጠፋውም ነበር። ይህኛው ግን የአዲስ ቅቤ ንጣት ነበረው። ባቄላ ከአፈር ወጥቶ፣ ጥቁር ገለባውን ጥሎ፣ እዚህ ይደርሳል? ወይዘሮ እታለም ቅናቱንም ቂሙንም ረሱት። በልጅነታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ መቅደስ ገብተው መጋረጃው ሲከፈት እንዳማተቡት አማተቡ።

«በስመ አብ» አሉ ለራሳቸው።

ከዚያ ዓይናቸው ጣሳው ላይ ወደቀ። ባዶውን ታጥቦ ተደፍቷል። ወተቱ የት ገባ? ያምሮት ትሪውን ይዛ ጓዳ ለጓዳ ትዋከባለች፤ ልጠይቃት ሲሉ የመምሬ ክንፈሚካኤል ድምፅ ከአጥር ተሰማ፣ ማኅበርተኛውም ተከትሎ ገባ። ጥያቄውን ትተው እንግዶቹን ሊቀበሉ ወጡ።

መምሬ ክንፈሚካኤል የቤቱ የንስሐ አባት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ስለከረሙ ቃል ሳያገላብጡ አይቀበሉም። ጸሎቱን አድርሰው በጸሎት የሚያስቡትን የቤተ ሰቡን ስመ ክርስትና እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ወይዘሮ እታለም የሟች ባላቸውን ገብረ መድኅንን አስቀደሙ፤ ሦስቱን ልጆቻቸውን ወልደ ሚካኤልን፣ ወለተ ጻድቅን፣ ተክለ ሃይማኖትን አስከተሉ፤ የልጅ ልጃቸውን ኃይለ ጊዮርጊስን ጨመሩ። ያምሮት የእጅ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። መምሬ «ሌላስ?» አሉ። ይኸው ነው አሏቸው። ያምሮት ዓይኗን ወደ ማንቆርቆሪያው መለሰች።

ትሪው ገባ። ሁሉም አንገቱን ወደ ትሪው አሰገገ። በቀጫጭኑ ድፎ ላይ እልበቱ ተቆልሏል፣ በላዩ የጤና አዳም ቅጠል ጣል ጣል ተደርጎበታል፤ በጎኑ አዚፋው፣ በዚያ በኩል ድልሁ ቀልቶ። መምሬ ባረኩ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። አያ ቢሆነኝ፣ የማኅበሩ ሽማግሌ፣ ጥርሳቸው ዛሬ እምቢ እንዳላቸው ተናገሩ፤ ያ ጥርስ ጥሬ ባቄላ ሲቆረጥም ስንት ዓመት የኖረ ነው። ሌላው እንጀራው እስኪመጣ እንደሚታገሥ አስታወቀ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አደይ ግን ትሪውን ከዳር ዳር አዩትና በለሰለሰ ድምፅ ተናገሩ።

«ወይ ማማሩ! መልኩስ የፋሲካ ነው።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ቅቤ ነው፣ ወይ አይብ ነው ያለ አንድ ሰው የለም፤ ግን ሳይነካ የቀረው ሁሉ ያንኑ ብሎታል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚያ ቀን ዝምታ ግን ከነነቀዙ ነበር። ወይዘሮ እታለም ገባቸው። ነገ በገበያ «እታለም ቤት በጽዮን ቀን ማኅበርተኛ ሊያስገድፉ ነበር» ይባላል። ማስገደፍ፣ ጾም ማስበላት! ባላቸው ሞቶ እንኳ በለቅሶው ድንኳን ያልተሰማ ነውር።

ልጅቱን ወተት ጨምረሻል ወይ ብለው በሰው ፊት ቢጠይቁ አዋረዷት ማለት ነው። ዝም ቢሉ ቤታቸው ይዋረዳል። ቢቀምሱትስ? ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ጾም ያልተላለፈ አፍ ነው። ወተት ከሆነ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ቀን፣ በንስሐ አባታቸው ፊት!

ወደ ያምሮት አዩ። ትሪውን ወደ እሳቸው ይዛ ቆማለች። ፊቷ ተረጋግቷል፤ ቀኝ ክንዷ ግን አልተረጋጋም። ከትከሻው ዝቅ ብሎ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ግራ እጇ ከክርኑ በታች ደግፎታል። ወይዘሮ እታለም ያንን ክንድ ያውቁታል። ቅዳሴው እስኪያልቅ ሲመታ ያረፈደ ክንድ ነው፤ የራሳቸው ክንድ ነበር። ሰው ወተት አፍስሶ ለማንጣት እንዲህ አይደክምም። ቢሆንም ማስረጃቸው ያ ክንድ ብቻ ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል።

አማተቡና አንዷን አንሥተው ጎረሱ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ አፍ ውስጥ ቀለጠ። ቀጥሎ ባቄላው መጣ፤ የነሐሴ አበባው፣ የኅዳር እሸቱ፣ የእናታቸው ጓዳ። ከባቄላው በኋላ ሰናፍጩ አፍንጫቸውን ይዞ ወደ ላይ ወጣና ዓይናቸውን አስነባ። የእሳቸው እልበት ነበር፤ ያውም እሳቸው ያልደረሱበት። ማንም ሳያስተምራት፣ በሩ ላይ ቆማ እያየች፣ ይህቺ ልጅ ወርሳቸዋለች። የጠሉት ይወርሳል ሲባል ይህ መሆኑን አላወቁም ነበር። እንባው የሰናፍጩ ይሁን የሌላ፣ እሳቸውም አልለዩትም።

«መምሬ» አሉ፣ «ገድፌያለሁ።»

ቤቱ ደነገጠ። ወይዘሮ አደይ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ያምሮት እጅ ላይ ትሪው ዘንበል ሲል አያ ቢሆነኝ ደግፈው አስቀመጡላት፤ ቀለሟ ተለውጧል። መምሬ ክንፈሚካኤል ግን ቃሉን ትንሽ ይዘው አገላበጡት። ጾም የሚበላም ይገድፋል፤ ዳዊት ሲደግም መስመር የሚዘልም ይገድፋል።

«ጾሙን ነው፣ ንባቡን?» አሉ።

«ንባቡን ነው አባቴ። ይኸማ ባቄላ ነው፤ ብሉ። እኔ ግን ስም ስሰጥዎት አንዲቱን ልጄን ዘለልሁ። ልጆቼ አራት ናቸው።»

 ወተቱን ጠጥቶ የጠገበው ሕፃን ከጓዳ ሲያንኮራፋ ይሰማል። መምሬ መስቀላቸውን እንደገና ከደረታቸው አወጡና እንግዲያው የተገደፈውን እንሙላ፣ ስመ ክርስትናዋ ማን ነው ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ እታለም አፋቸውን ከፈቱ።  ሁለት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖረው፣ አንድ ማዕድ ቆርሰው፣ ልጅ ስትወልድ ወገቧን ይዘው፣ ይህቺ ሴት በእግዚአብሔር ፊት በማን ስም እንደምትጠራ አያውቁም። ይህ ከጾም መግደፍ የከበደ መሆኑ ያን ጊዜ ተሰማቸው። ወደ እሷ ዞሩ።

«ያምሮት» አሉ፤ ስሟን ሲጠሩት መጀመሪያቸው ነው። «ስመ ክርስትናሽ ማን ነው፣ ልጄ?»

 ያምሮት የደከመ ክንዷን በሌላው እጇ እንደደገፈች፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን የማርያምን ሥዕል አየች፤ ከዚያ እሳቸውን አየች።

«እህተ ማርያም» አለች።

መምሬ ስሙን በጸሎቱ አስገቡት። ትሪው ላይ እጆች መድረስ ጀመሩ፤ የወይዘሮ አደይ እጅም ነበረበት። ወይዘሮ እታለም አላዩም። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነበር፤ ዳግመኛ እንዳይገድፉት፣ ስሙን ለብቻቸው ቀስ ብለው ይደግሙታል።