የሸይማን ነጥብ ማን ዜሮ አደረገው?

ልጆቼ፣ ይሄን ነገር ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ድምፄ ከፍ ካለ በእናንተ ላይ እንዳይመስላችሁ፤ ቁጣው የእናንተ አይደለም።

ሸይማ የልጄ ልጅ ናት። እዚህ ስዊድን፣ ስፖንጋ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ የምትሰማ፣ መልሷ ግን በስዊድንኛ የሆነ ልጅ ናት። መኪና ትሽቀዳደማለች። ፎልክሬስ ይሉታል፤ አሮጌ መኪና መስታወቱ ወልቆ፣ ውስጡ በብረት ተደግፎ፣ በጠጠር ሜዳ ላይ አቧራ ለአቧራ የሚራወጡበት ነው። መኪናዋ የጎረቤቴ የክፍሌ ቮልቮ ነበረች። ክፍሌ ስንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስባት ኖሮ ጡረታ ሲወጣ «ከምትጣል ልጅቷ ትንዳት» ብሎ ሰጣት። ሞተሯን ያስነሳው ጃፋር ነው፣ ዮርድብሩ የሚባል ሰፈር ጋራዥ ያለው የወሎ ልጅ። እኔ ምንም አልሠራሁም። ደጋፊ ነኝ፤ ስጮህ ነው የምውለው።

የምትሽቀዳደምበት ክለብ የዋንጫ ደንቡ ግልጽ ነበር። በየውድድሩ ነጥብ ይሰጣል፣ በመከር ተደምሮ የበለጠው ይወስዳል። ሸይማ ከፀደይ ጀምራ ትመራ ነበር። ሁልጊዜ አንደኛ አትወጣም። ግን አንዴ ሁለተኛ፣ አንዴ አንደኛ፣ ዝናብም ቢሆን ጭቃም ቢሆን መኪናዋን አቁማ አታውቅም። ዋንጫው እጇ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው የክለቡ አመራር አዲስ ሐሳብ አመጣ፦ የአራቱ መሪዎች ነጥብ ይሰረዝና ሁሉም ከዜሮ ተነስተው በአንድ የመጨረሻ ውድድር፣ በፊናል፣ ይለይላቸው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ!

ጃፋር ጋራዥ ተሰበሰብን።

«ጨዋታው መሃል ላይ ሕግ ይቀየራል እንዴ?» አልኩ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት?» አለ ጃፋር እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ፊናል ደስ ይላል። ሰዉ ልቡ ይንጠለጠላል።»

ክፍሌ ከወንበሩ ተነሳ። «ልቡ ይንጠለጠላል! ስማኝማ አንተ፣ ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ ፋሲካ ሲደርስ "ዶሮው ስቅለትን ብቻ በደንብ ለጾመ ነው" ቢሉኝ ምን የምሆን ይመስልሃል?»

«እርስዎ ሁዳዴን ሙሉ ጾመው ያውቃሉ?»

«ለምሳሌ ነው ያልኩህ፣ አንተ ባለጌ!»

ተሳሳቅን። ሸይማ ግን አልሳቀችም። «ስብሰባው ላይ እኔ እናገራለሁ» አለች በስዊድንኛዋ። «መኪናው ውስጥ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

አሁን የምነግራችሁን አድምጡ። ሦስታችንም ባንድ አፍ «አይሆንም» አልናት። ሰው ስለ ራሱ ሲከራከር አያምርም፣ ስግብግብ ያስመስላል፣ ሽማግሌ ነው ስለ ሰው የሚቆመው አልናት። የክለቡ አባላት ነን፣ ድምፅ አለን። አንቺ ዝም በይ፣ እኛ አለንልሽ።

ዝም አለች።

ስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ። ሊቀመንበሩ ረጅም ፈገግተኛ ሰውዬ ነው፣ እፊቱ የእንጨት መዶሻ አስቀምጧል። «ተመልካች እየቀነሰብን ነው» አለ። «በነሐሴ አሸናፊው ከታወቀ በመስከረም ማን ይመጣል? ቋሊማውን ማን ይገዛል?» ወጣቶቹ አጨበጨቡ። አንዱ «አሜሪካም እንዲህ ነው የሚደረገው!» አለ። አንዲት ጠና ያለች ስዊድናዊት ከኋላ ተነስታ «ይሄ ሎተሪ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ለምን ጠጠር በላን ታዲያ?» ስትል ልቤ ሞቀ። እንዲህ ነው እንጂ አልኩ።

ሊቀመንበሩ ወደኛ አየ። «ሌላ የሚናገር አለ?»

ክፍሌ ነበር እንዲናገር የተመረጠው፤ ስዊድንኛው ከሁላችን ይሻላል። ብድግ ሊል ሲል ወደ እኔ ዞረ። «ጋሽ ኡስማን፣ እርስዎ እያሉማ እኔ አልቀድምም።»

«ኧረ ተናገር፣ አንተን አይደል የመረጥነው?»

«ታላቅ ተቀምጦ? በማርያም፣ ቢያንስ እርስዎ ይክፈቱት።»

«በአላህ ክፍሌ፣ ተነስ!»

«እሺ ጃፋር ይጀምርልን...»

«እኔ? እናንተ እያላችሁ?» አለ ጃፋር።

ሰውዬው ሲጠብቅ እንግዳ አክባሪ መስሎኝ ነበር። እኛ አገር ቢሆን «ኧረ እናንተ በሉ እንጂ» ብሎ ይለምናል፤ ተለምነን እንናገራለን። እሱ ግን ወረቀቱን አየና «የሚደግፍ?» አለ። ከፊት ያሉት በስዊድንኛ «ያ!»፣ አዎ፣ ብለው ጮኹ። «የሚቃወም አለ?» አለ። ክፍሌ ክርኔን ይዞ ወደ ላይ ይጎትተኛል፣ እኔ እሱን እገፋለሁ።

መዶሻው ጠረጴዛውን መታ። ጸደቀ።

ሸይማ ተነሳች፣ ፊቷ እሳት ሆኖ። «መናገር እፈልጋለሁ!»

«ጉዳዩ ተዘግቷል» አላት ሰውዬው፣ ያው ፈገግታው ሳይለየው። ስዊድናዊቷ ብቻ ዞር ብላ አየችን፣ የከዳናት ይመስል።

በመኪና ስንመለስ ሸይማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ክፍሌ «ልጄ...» ብሎ ጀምሮ ተወው።

ፊናሉ ደረሰ። ሜዳው ጢም ብሏል፣ ሰውዬው ያለው ሆኖለት። አራቱ መኪኖች ተሰለፉ። ሸይማ ጥሩ ወጣች። የመጀመሪያውን ዙር መራች፤ እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩ። መታጠፊያው ላይ ግን ከኋላ ያለው መኪና ተንሸራቶ ጎማዋን መታው። ሆን ብሎ አልልም፤ ጠጠር ነው፣ ይንሸራተታል። በፀደይ ቢሆን ኖሮ ያንን ቀን ታጣና በሌላው ትክሰው ነበር። አሁን ሌላ ቀን የለም። በተጣመመ ጎማ እየተንገጫገጨች አራተኛ ገባች። ዋንጫውን ያነሳው ቪገ የሚባል ልጅ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያሸነፈው ያቺን ቀን ብቻ ነው። ልጁ ራሱ አፍሮ ነበር፣ ዋንጫውን እንደ ሰው ዕቃ ነው የያዘው።

ሊቀመንበሩ በማይክሮፎን «ሁላችንም በአንድ ድምፅ በተስማማንበት ደንብ መሠረት!» ሲል ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በአንድ ድምፅ? እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። መድረኩ ላይ ወጣሁና ማይክሮፎኑን ከእጁ ቀማሁት። በዚያ በተሰባበረ ስዊድንኛዬ «እኔ አልተስማማሁም! ብዙ ነጥብ ያላት እዚያ ቆማለች! የሠራችውን ሰረዛችሁባት!» ብዬ ጮህኩ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ሳቀ። ያቺ ስዊድናዊት በፉጨት አገዘችኝ።

ሸይማ መጥታ ክንዴን ያዘች። እንባ የለም፤ አቧራና ንዴት ብቻ።

«አባባ፣ አሁን ምን ይሠራል?» አለች። «ያኔ ነበር እኮ። ሰውዬው ጠይቆሃል። ሁለት ጊዜ ጠይቆሃል!»

«እኔ እኮ...»

«እኔን ዝም አሰኛችሁኝና እናንተም ዝም አላችሁ!»

ማይክሮፎኑን ለሰውዬው መለስኩለት። ክፍሌና ጃፋር አንገታቸውን ደፍተው ቮልቮዋን ወደ ተጎታቹ ይገፋሉ። ሄጄ አብሬ ገፋሁ።

ሸይማ የራስ ቁሯን በብብቷ ይዛ ከጎናችን ቆመች። «በክረምት፣ በበረዶው ጊዜ፣ ዓመታዊው ስብሰባ አለ» አለች። «የድሮው ደንብ እንዲመለስ ሐሳቡን የማቀርበው እኔ ነኝ። ስለ ራሴ ነው የምናገረው። ቢያምርም ባያምርም።»

«እሺ ልጄ» አልኳት። «እኛስ?»

«እናንተ እጃችሁን ታወጣላችሁ። ማንም ማንንም ሳያስቀድም።»

ጃፋር ፈገግ ሊል ሲል አየችው፣ ወዲያው ተወው። እሷም አልሳቀችም። ተጎታቹን ከሚስበው መኪና ሹፌር አጠገብ ተቀምጣ በሩን በኃይል ዘጋች፣ እኛ ሦስታችን ከኋላ ተጠጋግተን ገባን።