ሰምቼሻለሁ፣ ግን አልስማማም

«ሰሚው ዝም ካለስ?»

የጠየቀችው ፌንጣ ናት፤ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ፣ የእንጨት ማንኪያውን በሁለት እጇ እንደ ሻማ ቀጥ አድርጋ ይዛ። መምህርቷ ወደ እሷ ዞር አለች። ሩቅ አገር ተቀምጣ በተማረችባቸው ዓመታት ስለ ሕፃናት ጠብ ያልተነገራት ነገር ያለ አይመስላትም ነበር። የሚጮኸውን፣ የሚማታውን፣ የሚናከሰውን፣ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልወጣም የሚለውን ልጅ እንዴት እንደምትይዝ ታውቃለች። ዝም ስለሚለው ያስተማራት አልነበረም።

«እናስብበታለን» አለች።

«እሺ ቲቸር» አለች ፌንጣ። «ግን ቶሎ አስቢ።»

ፌንጣ የእህቷ ልጅ ናት። ይህን ስም ያወጡላት በወጉ መራመድ ሳትችል መዝለል ስለጀመረች ነው። ቤት «አክስቴ»፣ ከክፍሉ በር ወዲህ «ቲቸር» እንድትላት ተስማምተው ነበር፤ ልጅቷ ሲምታታባት «አክስቴ ቲቸር» አለቻት፣ ክፍሉም በሙሉ ተከተላት። አሁን መምህርቷ የሕፃናቱ ሁሉ አክስት ሆና ቀርታለች።

ከሩቅ ይዛ የመጣችው ሥርዓት ቀላል ነው። የተጣሉ ልጆች ጥግ ላይ ባለችው ሰማያዊ ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ማንኪያውን የያዘው የተሰማውን ይናገራል። ሌላው አያቋርጠውም፤ ሲጨርስ የሰማውን ይመልስለታል፣ «እንዲህ አልክ፤ በትክክል ሰማሁህ?» ብሎ። የራሱን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ካልተስማማም የሚልበት ቃል አለው፦ «ሰምቼሃለሁ፣ ግን አልስማማም።» ዱላ የለም፣ ስድብ የለም፣ «ለቲቸር እናገርብሃለሁ» የለም።

በመጀመሪያው ሰሞን ሳቅ በሳቅ ነበሩ። አንዱ ድብልብል የጓደኛውን ብስኩት በልቶ ምንጣፉ ላይ ቀረበና የተከሰሰበትን አንድ በአንድ ደገመ፤ ከዚያ አፉን በእጅጌው ጠርጎ «ሰምቼሃለሁ፣ ግን አልቋል» አለ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛም አንድ ጠዋት በሩን እየከፈተላት፣ «ቲቸር፣ ምን እያስተማርሽብን ነው?» አላት። «ትናንት ልጄን ግባና ተኛ ስለው፣ 'ሰምቼሃለሁ አባዬ፣ ግን አልስማማም' አይለኝም? በትሕትና እኮ ነው። የምቆጣበት ሰበብ አሳጣኝ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ከተመለሰች ወዲህ ምን እንደሆነች አታውቅም፣ አንዱን ነገር ይዛ ሳትጨርስ መጠራጠር ይጀምራታል። ይህን ያመጣሁት ለልጆቹ ብዬ ነው ወይስ የተማርኩት ሜዳ ላይ እንዳይቀር? ይዛቸው የመጣቻቸው የፊት ሥዕሎች ደስታ፣ ቁጣ፣ ፍርሃትና ሐዘን ነበሩ። አንድ ቀን ፌንጣ ሁሉንም ገላልጣ አየቻቸውና «ቅር ያለውስ ሰውዬ የታለ?» አለች።

«ሐዘን አለልሽ፤ እሱ አይሆንም?»

«እሱማ ያለቅሳል። ቅር ያለው ሰው አያለቅስም። ዕቃ ያጥባል።»

መምህርቷ ባዶ ካርድ አውጥታ ዕቃ የሚያጥብ ሰው ለመሳል ሞከረች። ልጅቷ ማንን እያሰበች እንደተናገረች የገባት ቆይቶ ነው።

የፌንጣ እናት፣ መምህርቷ «እቴቴ» የምትላት ታላቅ እህቷ፣ ፀጉር ሠሪ ናት። እናታቸው ቀድማ ስላረፈች ታናሺቱን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ሻንጣዋን አስራ የሸኘቻት እሷ ናት። ሁለት ወንበር፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት ያላት ጠባብ ቤት አላት፤ ገና ከመንገዱ የሻምፖና የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ይቀበልሃል።

ሁለቱ እህትማማቾች ፊት ለፊት ተቀምጠው የሆዳቸውን ተጨዋውተው አያውቁም። የሚያወሩት በፀጉር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኛ ሲሳሳ ታናሺቱ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ታላቂቱ ከኋላ ጉልበቷ መሀል አስገብታ ትሠራታለች። ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ አንድ ግድግዳ ነው። እቴቴ ደስ ያላት ቀን ጣቶቿ ይለሰልሳሉ። የከፋት ቀን ጉንጉኑ ይጠብቃል።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

ሌላ ቃል አይጨመርም። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ አላመመኝም ማለት፣ ገብቶኛል፣ ቀጥዪ እንደማለት ነበር።

የፌንጣ አባት ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰሞንም መምህርቷ ነገሩን የሰማችው በዚሁ መንገድ ነው። «ሩቅ ቦታ ሥራ አግኝቷል» አለች እቴቴ ከኋላዋ፤ ጣቶቿ ፀጉሯን ከነሥሩ ሊነቅሉት ደረሱ።

«መቼ ይመለሳል?»

«እንጃ።» ሌላ ጉንጉን ጀመረች። «ለልጅቷም ያልኳት ይህንኑ ነው። አንቺም እንዲሁ በያት። አመመሽ?»

«አላመመኝም፣ እቴቴ።»

ሰውየው ከከተማው ንቅንቅ አላለም። ሌላ ቤት ገብቷል። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አላነሱትም።

እና ፌንጣ ያንን ጥያቄ የጠየቀች ቀን፣ ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ መምህርቷ አስቀረቻትና አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ማነው ዝም የሚለው?»

«እማዬ። አባዬ ለሥራ ሩቅ ሄደ ትለኛለች። እኔ ግን አይቼዋለሁ። በታክሲ ስንሄድ በመስኮት አየሁት፤ ሕፃን ታቅፎ ነበር። እማዬም አይታዋለች። ወዲያ ዞር አደረገችኝና ፀጉሬን ማስተካከል ጀመረች።»

«ምን ተሰማሽ?»

«ቅር አለኝ።»

«ለእማዬ ነገርሻት?»

ልጅቷ በመገረም አየቻት። «ቤት ማንኪያ የለንም እኮ።»

መምህርቷ እቴቴ ያለቻትን አልረሳችም። ጉንጉኑም፣ የሰጠችው እሺታም ትዝ ብሏታል። ግን ደግሞ ይህች ልጅ ያየችውን አላየሽም ተብላ ልታድግ ነው? ደግሞስ ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? ትንሽም ኩራት ነበረባት፤ ልጅቷ ቅሬታዋን እንዲህ አስተካክላ በመናገሯ። ማንኪያውን አንስታ በልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችላት።

«በትሕትና» አለቻት። «እንደተማርነው።»

«እንደተማርነው» አለች ፌንጣ፣ እየዘለለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረቻት እቴቴ ራሷ ናት። ከሰንበት በኋላ፣ ልጆቹ ከወጡ ወዲያ፣ ሳታንኳኳ ወደ ክፍሉ ገባች። ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ዕቃሽን አምጥቼልሻለሁ።»

«ቁጭ በይ፣ እቴቴ።»

ያሉት የሕፃናት ወንበሮች ብቻ ናቸው። እቴቴ አንዱ ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ ደረቷ ድረስ መጣ።

«ቤቱ ሙሉ ነበር» አለች። «የሙሽራ ሚዜዎች ይዤ፣ እጄ ሰው ፀጉር ውስጥ። መጣችና መሀል ቆመች። 'እማዬ፣ ማንኪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ' አለችኝ። ጨዋታ መስሎኝ ሳቅኩላት። ከዚያ ሁሉንም አለችው። ሕፃኑንም ሳይቀር። ጨርሳ፣ 'አሁን አንቺ የሰማሽውን በይ' አለችኝና ማንኪያውን ዘረጋችልኝ።»

መምህርቷ ማንኪያውን ወደ ራሷ ሳበችው።

«አንዷ ካስክ ሥር ነበረች። አልሰማ ሲላት ካስኩን ወደ ላይ አነሳችው። ገባሽ? ለመስማት ብላ። ፀጉሯ ሳይደርቅ።» እቴቴ መዳፎቿን እያየች ነበር። «እኔ ለራሴ እንኳ ድምፄን አውጥቼ ያላልኩትን ነው ልጄ አፍ ውስጥ የጨመርሽው።»

መምህርቷ ተነስታ አንገቷ ላይ ልትጠመጠም፣ ጥፋቱ የኔ ነው ልትላት ፈለገች። ምላሷ ግን የለመደውን ያዘ።

«እቴቴ፣ እንደ ተከዳሽ ተሰምቶሻል። በሰው ፊት እንደ ተዋረድሽም። በትክክል ሰማሁሽ?»

እቴቴ ቀና ብላ አየቻት።

«ምን አልሽ?»

«የሰማሁትን ነው...»

«ቃሌን መልሰሽ አትስጪኝ። ቃሌ አልጠፋብኝም። እህቴን ነው ያጣኋት።»

«እኔ እኮ ለፌንጣ ብዬ ነው። ልጅ ያየችውን እንዳላየች ሲያደርጓት...»

«ፊቷን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ፀጉሯን ያስተካከልኩትም እኔ ነኝ። ምን ላድርግ ነበር? ከታክሲ ወርጄ አባትሽ ያውልሽ ልበላት?» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ እንዲያውም ወረደ። «ያን ቀን ጉንጉንሽን ሳጠብቀው አላመመኝም አልሽኝ። የተረዳሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«ተረድቼሽ ነበር።»

«ታዲያ?»

ግቢው ውስጥ ፌንጣ ከዘበኛው ጋር ስትከራከር ይሰማል፤ ሸርተቴው ላይ በሆዷ መውረድ ፈልጋ። መምህርቷ የሰማችውን መድገም ትችላለች፣ የተሰማትንም መናገር ትችላለች። ለ«ታዲያ» ግን የሚሆን አላገኘችም። እቴቴ ከትንሿ ወንበር በችግር ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈችና ወጣች።

በማግስቱ ፌንጣ አልመጣችም። ከዚያም አልመጣችም።

ቅዳሜ መምህርቷ እንደ ልማዷ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች። ደንበኛ ነበረ። እቴቴ የደንበኛዋን ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለለች በመስታወቱ ውስጥ አየቻትና ለረዳቷ «ለመምህርቷ ወንበር ስጫት» አለች። እንዲያ ነው ያለችው፤ ለመምህርቷ። ደህና መሆኗን ጠየቀቻት፣ ትምህርት እንዴት እንደሆነም። ሁሉ በወግ፣ ሁሉ በትሕትና። በርጩማዋ ላይ ፎጣ ተቆልሏል።

«ዛሬ ትንሽ አይመቸኝም» አለች እቴቴ፣ ለመስታወቱ።

መምህርቷ ፀጉሯን በሻርፕ ሸፍና ተመለሰች። የዚያን ሰሞን ሰው «ምነው አልተሠራሽም?» ሲላት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እቴቴ ቤቱን ለረዳቷ ለቀቀችና ሌላ ከተማ ያለች የሩቅ ዘመዳቸው ዘንድ ልትሄድ ተነሳች። የሚያውቃት ሰው በማይገባበት ቤት መሥራት ትፈልጋለች ተባለ። ይህንን ለመምህርቷ የነገራት ዘበኛው ነው፤ ሚስቱ ፀጉሯን የምትሠራው እዚያ ነበር። ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታስር ሮጣ ደረሰች። ዕቃው መኪና ላይ ተጭኗል፤ ካስኩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከላይ ይታያል። እቴቴ ቤት ውስጥ ሆና ወለሉን ትጠርጋለች። የጠረገችውን ወለል ደግማ ትጠርጋለች።

ፌንጣ ደጃፉ ላይ ቆማለች። እየዘለለች አልነበረም።

«አክስቴ ቲቸር፣ አሰብሽበት?»

«ምኑን?»

«ሰሚው ዝም ካለስ የሚለውን።»

መምህርቷ ተንበረከከች። «ገና ነኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

«በቃ ተዪው» አለች ልጅቷ፣ ሊያጽናናት እንደፈለገ ትልቅ ሰው ትከሻዋን እየነካች። «እማዬ መልሳልኛለች።»

«ምን አለችሽ?»

«ምንም አላለችኝም። ፀጉሬን ሠራችኝ።»

መምህርቷ ያን ጊዜ ነው ያየችው። የልጅቷ ፀጉር እንደ ክር በቀጠነ ጉንጉን ተይዟል፤ ከግንባሯ ቆዳው ተወጥሮ ቅንድቧን ወደ ላይ ስቦታል፣ ሁሌም እንደተገረመች።

«ጠበቀ?»

«በጣም። አመመሽ አለችኝ።» ፌንጣ ወደ ቤት ውስጥ ዞር ብላ አይታ፣ ድምፅዋን ቀነሰች። «አላመመኝም አልኳት።»

መጥረጊያው ቆመ። እቴቴ በሩ ላይ መጣች፣ የልጇን እጅ ያዘች፣ «በይ አክስትሽን ደህና ሁኚ በያት» አለች። ልጅቷ አለች። እቴቴም «ደህና ሁኚ» አለቻት። መኪናው ተነሳ፣ ብርድ ልብሱ በአንድ ጎኑ ተፈቶ ይርገበገብ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ሥርዓቱ ቀጥሏል። ድብልብሉ ከሌላ ልጅ ጋር በቀለም እርሳስ ተጣልቶ ምንጣፉ ላይ ቀረበ። መምህርቷ ማንኪያውን ሰጠቻቸውና መስኮቱ አጠገብ ቆማ ስልኳን አወጣች። ረጅም ነገር ጻፈች፣ አጠፋችው። ይቅርታ ጻፈች፤ የተማረችው ቋንቋ ሆኖ ታያት፣ አጠፋችው። ከኋላዋ አንዱ ልጅ «በትክክል ሰማሁህ?» ይላል።

እንደገና ጻፈች፦

«እቴቴ፣ ያን ቀን ዋሽቼሻለሁ። አሞኝ ነበር። ፌንጣንም አሟታል።»

ላከችው። መድረሱን ስልኩ አሳያት። ጥቂት ቆይቶ መነበቡንም አሳያት። ከዚያ ወዲህ ያሳያት ነገር የለም።