የጥላ ንባብ

መተማ ዮሐንስ ላይ በሚያዝያ ሐሩር ቤት ለቤት እየዞረ የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሰው ወይ አዲስ ገብ ነው ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል። ውባንተ ሁለቱም አይደለም። በስታትስቲክስ የተመረቀ፣ ከሚስቱ ከአየሁሽ ጋር ተዋዶ የሚኖር፣ ከጉምሩኩ ጀርባ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ የከተማውን ቆጣሪ ሳያየው የሚያነብ ባለሙያ ነው። ደንበኞቹ «የጥላ ንባብ» ይሉታል። እሱ ግን «ግምት» ይለዋል፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረውም እሱኑ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር ያስባል፤ ለሰዎቹ ፍሪጅ፣ ቬንትሌተር፣ አምፖል ያድላል፤ ፍጆታውን ደምሮ በታሪፉ ያሰላል። ታሪፉ ደረጃ አለው፦ ጥቂት የፈጀ በርካሹ፣ ብዙ የፈጀ በውዱ ይከፍላል። ስለዚህ የራሱን ቤት ካገባ በኋላም በድሮው ግምት አስቀርቶታል፤ አንድ ወንደላጤ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ሻይ ማፍያ።

የዚያን ዕለት ጧት አየሁሽ የውሃ ኮዳውን እያቀበለችው ሳቀችበት።

«ቬንትሌተሩ ሲያጓራ ያድራል፣ ፍሪጁ አለ፣ የመብራት ሒሳባችን ግን የመናኝ ነው። እኔን የት ደብቀኸኝ ነው?»

«አንቺማ ገና አልተመዘገብሽም።»

«ተው! እንዲህ ያለ ቀልድ ደግ አይደለም።»

ጉንጯን ስሟት ወጣ። ዛፉ ሥር እንደ ደረሰ የወሩን ግምት ሁሉ፣ የራሱንም ጨምሮ፣ በስልኩ ወደ መሥሪያ ቤቱ ላከ።

ብዙም ሳይቆይ መጂዳ መጡ። ድንበሩ የታወከ ጊዜ ቤታቸውን ቆልፈው ሸሕዲ ከተማ ልጃቸው ዘንድ የሄዱ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው።

«ወላሂ ውባንተ፣ የተዘጋ ቤት ምን ይበላል? በየወሩ መብራት አስከፈልከኝ!»

«እትዬ መጂዳ፣ መዘጋቱን አላወቅሁም። ሦስት ሰው ይኖርበታል ብዬ ነው የገመትኩዎት።»

«ሦስት! ባል እንኳ ብትጨምርልኝ ሁለት ነበርን።»

ውባንተ ሳቀና ተነሣ፤ ቆጣሪውን በዓይኑ አይቶ ሊያስተካክልላቸው።

ቆጣሪው አቧራ ጠጥቶ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። በመዳፉ ጠረገና ቁጥሩን ስልኩ ላይ ካለው ጋር አስተያየ። አንድ ነው። ጧት ዛፉ ሥር ሆኖ ከራሱ የፈጠረው ቁጥር፣ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ።

«ሰው ሰብሮ ገብቷል» አለ፤ ድምፁ ግን ራሱንም አላሳመነው።

የበሩ ቁልፍ ዝጓል። መጂዳ ታግለው ከፈቱት። ውስጡ ግን አቧራ የሚባል የለም። ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ይዞራል። ጥግ ላይ ነጭ ፍሪጅ ያጉረመርማል።

«እኔ ፍሪጅ ኖሮኝ አያውቅም» አሉ መጂዳ፣ በሹክሹክታ።

ውባንተ ያውቃል። ሦስት ሰው መተማ ላይ ያለ ፍሪጅ አይኖርም ብሎ በግምቱ የሰጣቸው እሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርጭቆ ተደርድሯል፤ ሦስቱም እርጥብ። ከዚያ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ አንድ ሰው፣ እንግዳ ሲመጣበት እንደሚደረገው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አዑዙ ቢላህ!» መጂዳ ሮጡ። ውባንተም ሮጠ፤ እሱን ያስሮጠው ግን ጧት ለራሱ ቤት የላከው ግምት ነው። አንድ ወንደላጤ። አንድ አምፖል።

አየሁሽ ጋ ደወለ። የደወለበት ቁጥር የለም ተባለ። እንዳለው የሚባለውን ባለባጃጅ አስቁሞ ዘሎ ገባ።

«ምነው ውቤ፣ ቆጣሪ አመለጠህ?»

«ቤት አድርሰኝ ባክህ! የአየሁሽ ስልክ አይሠራም።»

«አየሁሽ ማናት?»

የሠርጋቸው ዕለት ውባንተንና አየሁሽን በዚህችው ባጃጅ ያመላለሳቸው እንዳለው ነበር።

«አንተ ወንደላጤ፣ ደብቀህ አገባህ እንዴ?» እንዳለው በመስታወቱ እያየው ሳቀ። «ለሠርጉ ሳትጠራኝ!»

ቤቱ ክፍት ነበር። አልጋው ላይ አንድ ትራስ። በሩ ሥር የእሱ ነጠላ ጫማ ብቻ። ፍሪጁ የነበረበት ግድግዳ ምልክት እንኳ የለውም። እደጅ ወጥቶ ቆጣሪውን አየው፤ ጧት የላከው ቁጥር ነው። ግምቱን ሊያርም ስልኩን ነካካ፤ የወሩ ንባብ ተዘግቷል አለው።

እንግዲህ የቀረው ሁለት ሰው እንደሚኖርበት ቆጣሪውን ራሱን ማሳመን ነው። ከጎረቤት ስቶቭ ተዋሰ፣ ካውያ ተዋሰ፣ ቬንትሌተር ተዋሰ። ሁሉንም ሰካ፣ አምፖሉንም አበራና ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ቆጣሪ አነበበ። ቀዩዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ቁጥሩ ርካሹን ደረጃ አልፎ ወጣ። ፀሐይዋ ከድንበሩ ማዶ ወዳለችው ገላባት ስታዘቀዝቅ ከቤቱ ውስጥ የነጠላ ጫማ መጎተት ተሰማ።

«አንተ ሰውዬ! በቀን አምፖል ታበራለህ? ነካህ እንዴ?»

ሮጦ አየሁሽን አቀፋት። ትሞቃለች።

«ወዲያ በል፣ ላብህ!» አለችው እየሳቀች። ሁለት ብርጭቆ አምጥታ ውሃ ቀዳች። ተመልሳ ሦስተኛ አመጣች።

«ይኸኛው ለማን ነው?»

«ለማን ይሆናል?» በዓይኗ የጓዳውን መጋረጃ አሳየችው። «ለእሱ ነዋ።»

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ውባንተ በመስኮቱ ቆጣሪውን አየ። ለሁለት ሰው የሚበቃውን አልፎ አሁንም ይሮጣል። እጁ ወደ ማጥፊያው ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። ካላጠፋው ሌላም ሰው ይጨመራል፤ መደርደሪያው ላይ ገና ብዙ ብርጭቆ አለ። ካጠፋውም ፍጆታው ይወርድና ከሦስቱ አንዱ ይቀነሳል፤ ማን እንደሆነ ግን ሊገምት አልደፈረም።