ከላይ የታየ ደመና

ልጆቼ፣ ይህን ነገር ለሰው ሳላወራው ብዙ ዓመት ቆየሁ። ዛሬ ቀረብ በሉና ስሙኝ።

ሀርጌሳ ፍርስራሿን እያነሳች ብሎኬት በምትደረድርበት ዘመን፣ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር የአየር ሁኔታ የሚከታተል ቢሮ ዘበኛ ነበርኩ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ሶማልኛውን ግን ለምጄዋለሁ። እንግዳ ከበሩ አያልፍም፤ ጥያቄ አስገብቼ መልስ የማወጣው እኔ ነበርኩ።

ውስጥ ኢፍራህ አለች፤ አርባ ምንጭ ተምራ የተመለሰች የአገሩ ልጅ። ከሳተላይት የሚመጣውን ምስል እያየች፣ ደመናው ምን ያህል ውሃ፣ ምን ያህል በረዶ እንደያዘ ታሰላለች።

አንድ ሚያዝያ ኦብሲዬ መጣ። እኩያዬ ነው፤ ቀልደኛ ዘላን። ድርቁ አሥራ አንድ ግመል ብቻ አስቀርቶለታል።

"አንተ ሐበሻ፣ ያቺ ሰማይ ላይ የሰቀላችኋት ዓይን ዛሬስ ምን አየች? ሐውድ ላይ ደመና አለ ይላሉ።"

ሐውድ የሚሉት የግጦሽ ሜዳ የአራት ቀን መንገድ ነው፤ መሀል ላይ ጉድጓድ የለም። ደርሰው ውሃ ካጡ ግመሎቹ የሚመለሱበት ጉልበት የላቸውም።

ዘላኖቹ ወግ አላቸው። መንጋው ከመነሳቱ በፊት ሳሃን የሚሉትን ቃኚ ይልካሉ። ቃኚው ዘንቧል ብሎ ቢምል አይታመንም፤ እርጥብ አፈር በጨርቅ ቋጥሮ ማምጣት አለበት። ኦብሲዬም ልጁን ማህዲን ሊልክ ነበር፤ ሄዶ እስኪመለስ ግን ስድስት ቀን ነው።

ገብቼ ጠየቅኳት።

"አባባ ታጁ፣ ደመናው ትልቅ ነው፤ አናቱ በረዶ ሞልቶታል። ግን ሳተላይቱ የሚያየው ከላይ ነው። ከሥሩ ያለው ውሃ ግምት ነው፤ ቢዘንብም መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ሊደርቅ ይችላል። ቃኚ ልኮ ይጠብቅ በለው።"

ወጣሁ። ኦብሲዬ ግንቡ ሥር ቁጢጥ ብሎ ዓይን ዓይኔን ያያል። እንዲያ ለሚያይ ሰው "ግን" ማለት ከበደኝ።

"ብዙ ውሃ ይዟል" አልኩት።

"አፈሩን የነካ ሰው አለ?"

"ሰውዬ፣ ከሰማይ የሚያይ እያለ ቃኚ ምን ያደርግልሃል?"

ሳቀ። "አልሐምዱሊላህ! ማህዲ እግሩን አተረፈ በለኛ!"

በዚያው ቀን ተነሱ።

በማግስቱ ኢፍራህ ጠራችኝ። "ደመናው ስስ በረዶ ብቻ ነበር፤ ተበትኗል። ሰውዬው እየጠበቀ ነው አይደል?"

አንገቴን ደፋሁ። ገባት። ቀኑን ሙሉ ስልክ ስትደውል ዋለች፤ በዚያ መንገድ ላይ የሚያነሳ አልነበረም።

ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሲል ኦብሲዬ ብቻውን መጣ። አልተሳደበም። እጄን ያዘና የሽርጡን ጫፍ ፈትቶ መዳፌ ላይ አፈር አፈሰሰ፤ እንደ አመድ የደረቀ።

"ቃኚው ያመጣው ነው" አለ፣ ወደ ራሱ እያመለከተ። "ዘገየ እንጂ።"

"ግመሎቹስ?"

ባዶውን የሽርጡን ጫፍ አራገፈ። ያኔ አልቻልኩም። "ልጅቷ ይጠብቅ ብላ ነበር። ቃሏን እኔ ነኝ ያስቀረሁብህ።"

"ለምን?"

"ደስ እንዲልህ ብዬ።"

እጄን ለቀቀ። "ደስ ብሎኝ ነበር እኮ" አለ። "አራት ቀን ሙሉ።"

በዚያ ዕድሜው ከልጁ ጋር መሐመድ ሞጌ ሰፈር ብሎኬት ተሸካሚ ሆነ። ሰላም ስለው ሰላም ይለኛል። ስለ ሰማይ ግን ዳግመኛ ጠይቆኝ አያውቅም።