ንብረት ይተካል

«ንብረት ይተካል አለኝ! የእናቴ ልጅ! በዚህ በጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

ታይቱ ይህን ስትል የንፍሮውን ሳህን ከጭኗ ላይ ገፋችው። ጎረቤቷ ማናዬ ሳህኑን ተቀብላ መደቡ ላይ አስቀመጠችው። ሽንብራው ከጠዋት ጀምሮ አልተነካም።

«ተይ በቃ፣ አፈር ስሆንልሽ። በሐዘን ቤት እንዲህ አይጮህም።»

«የቱ የሐዘን ቤት? ሰው የታለበትና? አንቺና እኔ ብቻ!»

እውነቷን ነው። በፎገራ ምድር ባል የሞተባት ሴት ቤት እንዲህ ጭር ብሎ አያውቅም። በደህናው ዘመን ቢሆን ድንኳን ተጥሎ፣ የታይቱ ዘመድ ከሐሙሲትና ከአንበሳሜ በዋይታ እየገባ፣ ግቢው መቆሚያ ያጣ ነበር። ዘንድሮ ግን የርብ ወንዝ ገንፍሎ ሜዳውን ሩዝ ሳይል ጤፍ ሳይል ሸፍኖታል። የመንደሩ ሰው ከፍ ወዳለው ትምህርት ቤት ሸሽቷል። ታይቱ ብቻ «ከባሌ ቤት አልወጣም» ብላ ጉብታዋ ላይ ቀረች። ማናዬም ትቻት አልሄድም ብላ አብራት ቀረች። ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ላይ ደግሞ ተኩስ አለ ይባላል። መኪናው አንድ ቀን ያልፋል፣ ሳምንት ይቆማል። በላይ ተኩስ፣ በታች ውኃ ሆኖ ሰው ሁሉ ነፍሱን ይዞ ተቀምጧል።

ታይቱ ወደ ውኃው የሚያየውን በር ዘግታዋለች። ባሏን ሊቀብሩ በታንኳ ሲወስዷት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ነበር የሄደችው። ከዚያ ወዲህ እግሯ ውኃ አልነካም። ቀና ብላም አላየችው።

ለወንድሟ ለእንግዳው የደወለችለት ያኔ በቀብሩ ቀን ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን ድምፁ ይቆራረጣል። «እንግዳው፣ ውኃው ንብረትን ወሰደው!» ብላ ጮኸች። ከሐሙሲት ወንድሟ ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «እሰይ፣ አንቺ ተረፍሽልኝ! ንብረት ይተካል፣ እታለም! አይዞሽ! መንገዱ ሲከፈት እህል ይዤልሽ እመጣለሁ!» መስመሩ ተቋረጠ። ታይቱም ስልኩን ወረወረችው።

«እህል ይዤ እመጣለሁ ይለኛል! ባሌ ሞቶ እህል! እሱ እንዲህ ካለ ሌላውማ ምን ይበል? አየሽ ማናዬ፣ ሁሉም ትቶኛል። እግዜርም መንገድ ተዘግቶበታል መሰለኝ።»

ማናዬ አማተበች። «በስመ አብ! ምን ትያለሽ? የንብረት ሚስት ሆነሽ?»

የንብረት ሚስት! ይህን ያለችው ያለ ነገር አይደለም። ንብረት ሲበዛ ፈሪ ሰው ነበር። መብረቅ ሲመታ ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ይይዛል። ውሻ ያለበትን ደጃፍ አያልፍም፤ ማሳ ለማሳ ይዞራል። በሠርጉ ቀን ሚዜዎቹ ጥይት ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ሙሽራው ጠረጴዛ ሥር ገባ። ያን ጊዜ የሳቀው ሁሉ እስከ ዛሬ እንደሳቀ ነው፤ ታይቱም በወቅቱ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብላ ነበር።

በተጋቡ በመጀመሪያው ክረምት፣ አንድ ቀን ጠዋት በረቱን ሲከፍት ሰማችው። «ፈርቻለሁ፣ አብረኸኝ ውጣ» ይላል። ሰው የመጣ መስሏት ወጣች። ከከብቶቹ በቀር ማንም የለም።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከማን ይሆናል? ከጌታዬ ጋር ነዋ።»

«ወንድ ልጅ ጠዋት ተነስቶ ፈርቻለሁ ይላል እንዴ?»

«ደፋር ብሆን ምን ብዬ እጠራው ነበር?» አለና ከብቶቹን እየነዳ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ባሏን ፈሪ ሲለው አላፈረችም።

«ስሚኝ» አለች ማናዬ፣ ወደ ታይቱ ጠጋ ብላ። «እስካሁን ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ንብረት ሊያወጣኝ የመጣ ቀን ውኃው እስከ ጣሪያዬ ደርሶ ነበር። ያ ሁሉ ደፋር ጉብታ ላይ ቆሞ ሲጮህ ታንኳ ይዞ የመጣው እሱ ነው። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። መሐል ላይ ስንደርስ ‹አትልቀቀኝ› አለ። በውኃው ጩኸት ‹አትልቀቂኝ› ያለኝ መስሎኝ፣ ጋቢውን ጭምድድ አድርጌ ይዤ ‹አልለቅህም! ወላዲትን አልለቅህም!› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ዞሮ አየኝና ሳቀ። ሳቀ እኮ ነው የምልሽ! በዚያ ውኃ መሐል! ‹አንቺን አይደለም፤ ግን ግድ የለም፣ አንቺም አትልቀቂኝ› አለኝ። ታይቱዬ፣ ያ ሰው ብቻውን አልነበረም።»

ንብረት እንዲያ እየተመላለሰ የመንደሩን ሰው ሁሉ አወጣ። በመጨረሻው ላይ ታንኳውን ወደ መሬት ገፍቶ ሲያስጠጋ ውኃው ያመጣው ግንድ ደረቱን መታው። በማግስቱ ውኃው ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ተገኘ።

«ከእሱ ጋር ነበረ፤ እሺ» አለች ታይቱ። «ከእኔስ? ከእኔ ጋር ነው ወይ? እኔን እኮ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ።»

ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባቷ ቄስ አበረ መጡ። በጓሮው በኩል ታንኳቸውን አስጠግተው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። መስቀል አሳልመው ጸሎት አደረሱ። ታይቱም ያንኑ የወንድሟን ነገር ዘረገፈችው።

ቄስ አበረ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «ልጄ፣ እንግዳው ባልሽን ማን ብሎ ነው የሚጠራው?»

«ጋሼ ነዋ። የእኛ ቤት ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚለው። ታላቁ አይደል?»

«አንቺስ ከወንድምሽ ጋር ስትጫወቺ?»

«እኔማ… ጋሼህ እለዋለሁ። ጋሼህ መጣ፣ ጋሼህ ሄደ።»

«በስልኩስ ምን አልሽው?»

ታይቱ ቀና አለች።

«ንብረት… ውኃው ንብረትን ወሰደው አልኩት፣ አባቴ። ሲጨንቀኝ በስሙ ጠራሁት።»

«ውይ በሞትኩት!» አለች ማናዬ፣ አፏን በሁለት እጇ ይዛ። «ዕቃና ከብት መስሎታል!»

መጀመሪያ የቄስ አበረ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ለማስል ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ማናዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ታይቱ ራሷ፣ ለቅሶ ያሰለለው ድምጿ እየተሰነጠቀ ሳቀች። በሐዘን ቤት! ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ፤ ያሁኑ ለቅሶ ግን ደረት የሚያንቅ አልነበረም። «አላወቀም! ወንድሜ አላወቀም! ጋሼው መሞቱን ሳያውቅ ነው አይዞሽ ያለኝ!»

«እኔ ልደውልለት» አሉ ቄሱ ተነስተው። «ጋሼህ አርፏል እለዋለሁ። ሌላ ቃል አልጨምርም።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከውኃው ማዶ ዋይታ ተሰማ።

«ማነው?» አለች ታይቱ ካለችበት ሳትነሳ።

ታይቱ ዘግታው የነበረውን በር ማናዬ በረገደችው። «ኧረ ታይቱ! ኧረ ተመልከች!»

ሜዳው ላይ ታንኳ በታንኳ ሆኗል። ነጠላው ነጭ በነጭ ነው። ከሐሙሲት መኪና ባይኖር በእግራቸው፣ ተኩሱ የማይሰማቸው ይመስል፣ በአስፋልቱ ዳር ዳር መጥተዋል። የአንበሳሜዎቹም ተደባልቀዋል። ከትምህርት ቤቱ በኩል ደግሞ ንብረት ያወጣው የመንደሩ ሰው እየወረደ ነው። ከፊተኛው ታንኳ ላይ የእንግዳው ድምፅ ይሰማል፤ «ጋሼ! ጋሼዬን!» ይላል። አንዲት አልቃሽ ተቀበለችው፦

«ደፋር ነኝ የሚለው ከጉብታው ላይ ቆሞ፣
ፈሪው ንብረት ገባ ከጌታው ጋር ቀድሞ።»

ሰዉ «ወይ ንብረት!» እያለ ደረቱን መታ። ፈሪ የሚለው ስም እንዲህ እንደ ጀግና ስም ሲጠራ ታይቱ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። ኩራት ደረቷን ሞላው።

«አልተዘጋበትም!» አለች፣ የማናዬን ክንድ ጨብጣ።

«ምኑ?»

«መንገዱ!»

የእንግዳው ታንኳ ቤቱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ጭቃ ያዘው። ታንኳው ውስጥ አክስታቸው እማማ ወለተ ሚካኤል ተቀምጠዋል፤ ዕድሜ ከተጫጫናቸው ወዲህ ከቤት ወጥተው አያውቁም፤ ዛሬ ግን እስከ ውኃው ዳር በበቅሎ አምጥተዋቸዋል። እንግዳው ዘሎ ወረደ። ሊያነሳቸው ቢሞክርም ለቅሶው አቅም አሳጣው።

«እታለም!» አለ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ሆኖ። «ለዕቃ መስሎኝ እኮ ነው መንገድ እስኪከፈት የጠበቅኩት! ለጋሼ መሆኑን ባውቅ መች እጠብቅ ነበር!»

ታይቱ ተነሳች።

«ተቀመጪ፣ ሐዘንተኛ አይነሳም!» አለች ማናዬ።

ታይቱ አልሰማቻትም። ጉብታውን ወርዳ ውኃው አፋፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ባሏን የበላው ውኃ ይኸው ነው፤ ደፍርሶ እግሯ ሥር ተኝቷል። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ግን ደግሞ ብቻዋን እንዳልሆነች አወቀች፤ ሰው ስለመጣ ብቻ አይደለም፤ ሰዉ ሳይመጣም እንዳልነበረች ገባት። ቀሚሷን ሰብስባ አንድ እግሯን ከተተች። ቀዘቀዛት። ሁለተኛውን አስከተለች።

ጉልበቷ ድረስ ጠልቃ ታንኳው ጋ ደረሰች። እንግዳው እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል በትከሻው ይዛ አቆመችው።

«ዝም በል አሁን። ታንኳውን ያዝልኝ» አለችው።

ከዚያ ጀርባዋን ለአሮጊቷ ሰጥታ፣ ውኃው ውስጥ በርከክ አለች።

«ይታዘሉ፣ እማማ።»